የዘይቱ ጨርቅ

«ከዛሬ ወዲያ እንዳትመጣ» ሲል ሰማሁት የልጅ ልጄን። ገና ጎህ እየቀደደ ነበር። እኔ ግቢው ውስጥ ከአጎበሩ ሥር ጋደም ብያለሁ፤ በዚህ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ቤት ውስጥ መተኛት የሚቻል አይደለም፣ አልጋዎቻችንን ከኒሙ ዛፍ ሥር ካወጣናቸው ሰንብቷል። ኢልያስ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ መኪናው ጎን ቆሟል። እኔን እንዳይቀሰቅስ ነው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎታል፤ ሰው የሚያባርር ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ግን ከጩኸቱ ይብሳል። የሚያናግረው ረዳቱን ገብረሚካኤልን ነው። ረዳት ሲባል ጎረምሳ እንዳይመስላችሁ፤ ጠጉሩ የሸበተ፣ ቀወት ገጠር ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ኢልያስ ገና ሳይወለድ ከባሌ ከአብዱረሂም ጋር ታኮ ታቅፎ ከጎማ ጎማ ሲሮጥ የኖረ ሰው ነው። «የአየር ማጣሪያውን ፊልትሮ ዘይት የቀባኸው አንተ ነህ ወይስ አይደለህም? አንድ ነገር በል» አለው ኢልያስ። ጀሪካን የጫነች አህያ በመንገዱ ስታልፍ ኮቴዋ ተሰማኝ። ከዚያ ገብረሚካኤል «እሺ» አለ። አዎን አላለ፣ አይደለሁም አላለ፤ እሺ ብቻ። ተነስቼ ልውጣ ብዬ ነጠላዬን ፈለግሁ፤ ነጠላዬን እስካገኝ የሞተሩ ድምፅ እያሳለ፣ እየተንደፋደፈ ወደ ጋራዡ ሄደ።

መኪናው የታመመው አሁን አይደለም። አሮጌ ነው፤ ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ አዲስ አበባ ይወጣል፣ ሳሙናና ዘይት ጭኖ ይመለሳል፤ ቤታችን የሚበላው ከእሱ ነው። መጀመሪያ ዳገት ላይ ጉልበት አጣ። ቀጥሎ ጥቁር ጭስ ይተፋ ጀመር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሽንኩርት እንደጫነ ከጣርማ በር ዋሻ በታች፣ ያ ገደሉ አፉን የከፈተበት ቦታ ላይ፣ ትንፋሹ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር። ገብረሚካኤል ዘሎ ወርዶ ታኮውን ከጎማው ሥር ባይወትፍ ኖሮ ዛሬ የማወራችሁ ሌላ ወሬ ነበር። ይህን የነገረኝ ኢልያስ አይደለም፤ እሱ ለእኔ ምንም አይነግረኝም፣ ትጨነቃለች ይላል፤ ሳይነግረኝ የምጨነቀው ግን የባሰ መሆኑ አይገባውም። የሰማሁት ከጎረቤታችን ከጣይባ ነው፣ ያውም ውሃ ቀጂ ሰልፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ጋራዥ ያለው ሙዐዊያ ችግሩን ያወቀው ቀድሞ ነበር። ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ ላይ አንዲት ትንሽ ሴንሰር አለች፤ ሞተሩ ምን ያህል አየር እንደሳበ የምትናገረው እሷ ናት። እሷ ከዋሸች ሞተሩ ናፍጣውን አለልኩ ይጠጣል። ሙዐዊያ አንድ ጊዜ አጥቦ መለሳት፤ «ይህን ፊልትሮ ዘይት የሚቀባ ሰው አለ፣ ወረቀት ነው፣ ዘይት አይወድም፣ ዘይቱ ከአቧራው ጋር ሄዶ ሴንሰሯ ላይ ይጋገራል» ብሎ አስጠነቀቀ። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተቀብቶ ተገኘ። በዚህኛው ጊዜ ሴንሰሯ ጨርሳ ሞተች። የሁለት ኩንታል ሽንኩርት ዋጋ የሚበላ አዲስ ዕቃ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ዛሬ ይመጣል ተባለ። ፊልትሮውን በየሳምንቱ እያወጣ የሚያራግፈው ገብረሚካኤል ነው። ኢልያስም ሌላ ማንን ይጠርጥር?

አብዱረሂም ከመስጊድ ሲመለስ ሻይ ቀዳሁለት። እንደ ልማዱ ከኒሙ ሥር ከተጋደመው ግንድ ላይ ተቀመጠ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ፣ መንገድ መንገዱን አየ። ድሮ ከሹፌርነቱ በፊት የሚመጣ ስም አልነበረውም፤ ዛሬም መናኸሪያው አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎች «ሹፌር አብዱረሂም» እያሉ ነው ሰላም የሚሉት፣ እሱም ሲጠሩት ወገቡ ይቃናል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መሪ አልነካም። ሌላም የደከመ ነገር አለ፤ ያን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሻዩን ሁለት ጊዜ ስኳር ያደርግበታል። ከሞተ ዘመን ያለፈውን ጓደኛውን ሰዲቅን «ዛሬ አልመጣም?» ይለኛል፤ እኔም «ይመጣል» እላለሁ። ሰው ፊት ሲሳሳት ቶሎ ብዬ ወሬ አስገባለሁ፤ ጂዳ ያለችው ልጃችን ፈይሩዝ ስትደውል ስልኩን እኔ እይዝና «ተኝቷል» እላታለሁ። የዚያን ጠዋት ብርጭቆውን ሲመልስልኝ ጣቶቹን አየሁ። ጥፍሮቹ ሥር ጥቁር ነገር አለ። ሸተተኝም፤ የሞተር ዘይት ሽታ ሳላገባ አላውቀውም ነበር፣ ካገባሁ ወዲህ ግን ከስንት ነገር መካከል እለየዋለሁ።

ወደ ውሃው በርሜል ሄድኩ። ከበርሜሉ ጀርባ፣ እኔ ሳሙና የማስቀምጥበት ድንጋይ ሥር፣ የአሮጌው ሻሼ ግማሽ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ ቡና መስሏል። ከጎኑ የዘይት ቆርቆሮ። አስተጣጠፉን አየሁ፤ አራት ማዕዘን፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ። እንዲህ የሚያጥፍ ሰው አንድ ብቻ ነው። በእሱ ዘመን የነበረው መኪና ፊልትሮው ከሥሩ የዘይት ሳህን ነበረው፤ የይፋት አቧራ ዘይቱ ላይ ይቀራል፣ ሞተሩ ንጹሕ አየር ይስባል። በዚህ ቆላ ዘይቱን ያላየ ሹፌር ሞተሩን ቀበረ ይሉ ነበር። ከጎህ ሶላቱ ከፈጅር በኋላ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ያ ነበር፤ እኔም ነፍሰ ጡር ሆኜ እንኳ ቆርቆሮውን ይዤ አጠገቡ እቆም ነበር። ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መኪናው ጋ ሄደህ ነበር ወይ አልኩት። ዞሮ አየኝ፤ እንግዳ ቤት ገብቶ የማያውቀውን ነገር እንደሚጠይቁት ሰው። «እኔ ከመኪና ምን አለኝ? የልጁ አይደለም እንዴ» አለ። እየዋሸኝ አልነበረም። ስንኖር ዋሽቶኝ ያውቃል፣ ውሸቱን አውቀዋለሁ፤ ይኼ ሌላ ነው። ዝንቦቹ ብርጭቆው አፍ ላይ ይዞራሉ።

ማሾውን ቀቀልኩ፣ በቲማቲም ሠራሁት፣ ሩዝ ጨመርኩበት። ቅቤ አላስገባሁም፤ ረቡዕ ነው፣ ገብረሚካኤል ጾም ነው። ምሳ ማድረስ ምክንያት ነው እንጂ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። የባለቤቴን ስም አንስቼ ለኢልያስ ብነግር፣ ኢልያስ ክፉ ልጅ አይደለም፣ አይቆጣውም። የሚያደርገውን ግን አውቃለሁ። ማታ የግቢውን በር ይቆልፋል፣ ለመካኒኩ ይነግራል፣ መካኒኩ ለሻይ ቤቱ ይነግራል፣ በሳምንቱ መናኸሪያው ሁሉ ሹፌር አብዱረሂም አእምሮው ሄደ ይላል። ሹፌር የሚለው ከስሙ ላይ ከወደቀ ምን ይቀረዋል? ዝም ብል ደግሞ ያ ሰው ሽበቱን ይዞ ቀወት ይገባል፤ ዝናብ የለ፣ መሬት የለው። እንዲህ እያልኩ ባጃጁ ላይ ሳህኑን ጭኔ ላይ አቅፌ ስሄድ ባለባጃጁ በመስታወቱ አየኝና «እማማ፣ ሳህኑን ነው ወይስ ልጅ ነው ያቀፉት?» አለኝ። ቀስ ብለህ ንዳ አልኩት። ቀስ ብዬ ከነዳሁማ ምሳው እራት ይሆናል ብሎ ሳቀ።

ጋራዡ አስፋልቱ ዳር ነው፤ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሰማይ። መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠንክሯል። ኢልያስ አውቶቡሱን ሊጠብቅ መናኸሪያ ሄዷል። ገብረሚካኤል ከመንገዱ ማዶ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ ጋቢና ውስጥ የሚተኛበት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አጠገቡ አለ። ያባረሩት ሰው ለምን አልሄደም? ሳህኑን ከፍቼ ሰጠሁት፤ ቅቤ የለውም አልኩት። እጁን ታጠበ፣ አማተበ፣ አልጎረሰም። መኪናው እንደተበተነ ጥዬው ልሄድ አልቻልኩም እትዬ፣ ሲነሳ ድምፁን ሰምቼ እሄዳለሁ አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንድ አይሱዙ በግ ጭኖ አለፈ፣ አቧራውም ተከትሎት አለፈ።

«አይተኸው ነበር፣ ገብሬ?» አልኩት።

«ጎህ ሲቀድ ነው የሚመጡት። እኔ ጋቢና ውስጥ ነኝ። እንዳላየሁ ይምሰላቸው ብዬ ዓይኔን እጨፍናለሁ» አለ። «ሲሄዱ እወርድና በደረቅ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ወረቀት ከጠጣ በኋላ ግን ምን ያደርጉታል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እትዬ ሙሀባ፣ ምን ልበል? እኔን ታኮ ያስያዙኝ ጋሼ ናቸው። አንድም ጠብታ አይፈሳቸው እኮ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም።»

ከዚያ ሩዙን ሳይሆን ማሾውን ብቻ ጥቂት ቀመሰ። ሁለታችንም አንድ ሰው ስንደብቅ ኖረናል፤ አንዳችን ከአንዳችን ሳንማከር፣ እሱ ከጋቢናው፣ እኔ ከግቢው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር። ባለማወቄ ብቸኛ ነበርኩ ማለት ነው፤ አሁን ባውቅም ግን ብቸኝነቱ አልለቀቀኝም።

ኢልያስ ትንሿን ካርቶን ብብቱ ሥር ይዞ መጣ። እኔን ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ፤ በዚህ ፀሐይ ለምን መጣሽ አለኝ፤ ከማንጎው ሥር ያለውን ሰው እንዳላየ አለፈው። እኔም ሳህኑን ከገብረሚካኤል ተቀብዬ ኢልያስን ተከትዬ ተሻገርኩ፤ ሙዐዊያ ቱታው ላይ እጁን ጠርጎ ከጋቢናው ጀርባ ገባ። ሶኬቱን ነቀለ፣ ሁለቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታ፣ የሞተችውን ሴንሰር አውጥቶ ለፀሐይ አሳየን። ይህን ሁሉ ሽንኩርት ያሳደረች ነገር ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም። ውስጧ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ሽቦ አለ፤ የእሱ ዙሪያ እንደ ድስት ጥላት ጠቁሮ ተጋግሯል፣ ሽቦውም ተበጥሷል። አዲሷን ከፕላስቲኳ ሲያወጣ ኢልያስ ሊቀበለው እጁን ሰደደ፤ ሙዐዊያ «አትንካት፣ ሙሽራ ናት» አለው። ቀስቷን ወደ ሞተሩ አዙሮ አስገባ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ ሶኬቱን ሰካ። አሮጌውን ፊልትሮ አውጥቶ ወደ ቆሻሻው ወረወረውና አዲስ ደረቅ ፊልትሮ አደረገ። ሞተሩ ተነሳ። እኔ መኪና አላውቅም፤ ግን ድምፁ ጉንፋን እንደለቀቀው ልጅ ነበር። ጭሱ ነጣ፣ ከዚያም ጠፋ። ከዳሽቦርዱ ላይ የብልሽት ምልክቷ ቢጫ መብራት ጠፋች። ከመንገዱ ማዶ ገብረሚካኤል ተነሳ፣ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ አደረገ፣ አቧራውን ከሱሪው ላይ አራገፈ። ሰምቶ ነበር የሚሄደው፤ ሰማ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ኢልያስ አልገባውም። ፊልትሮውን ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ሙዐዊያም ሳቀ፣ እትዬ ሙሀባ ለሰላጣ የገዙትን ዘይት ነው እንዴ አለ። ከዚያ ኢልያስ ሳቁን አቆመ። እማ፣ ይህን ሰው ለማትረፍ ብለሽ አትዋሺ፣ ፊልትሮው የት እንዳለ እንኳ አታውቂም አለኝ። ሳህኑን መሬት አስቀመጥኩ፣ ነጠላዬን ወደ ኋላ መለስኩ፣ ከጋቢናው ጀርባ ዞርኩ። ፊልትሮው የሚቀመጥበትን የብረት ጣሳ አገኘሁት። የላይኛውን መቆለፊያ መጀመሪያ፣ የታችኛውን ኋላ፤ ክዳኑን በግራ እጅ ደግፎ፣ አለዚያ አቧራው ወደ ውስጥ ይወድቃል። መኪናው ሌላ ቢሆንም አከፋፈቱ አልተለወጠም፤ በወጣትነቴ ቆርቆሮ ይዤ ቆሜ ያየሁት ነው፣ እጄ ሳላዘው ሠራው። ስዞር ማንም አይስቅም። ኢልያስ እጄን አየ፤ ለረጅም ጊዜ አየው። ንጹሕ ነበር፤ ማሾና ሳሙና ነው የሚሸተው።

«ለምን?» አለ።

«ጣርማ በርን ስለምፈራው ነው። አቧራ ገብቶበት ዳገት ላይ ጥሎህ እንዳይሄድ ብዬ።»

ያ ደግሞ ውሸት አልነበረም። ኢልያስ ምን እንደገባው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በእኛ ቤት ሰው የገባውን አይናገርም። ወደ አስፋልቱ ወጣ፣ ገብረሚካኤል ፊት ቆመ፣ ይቅርታ አላለም፤ ብርድ ልብሱን ከትከሻው ላይ ወስዶ ወደ ጋቢናው ወረወረው። «ታኮውን ጫን፣ ሽንኩርቱ ይጠብቀናል» አለው። ገብረሚካኤል በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ሳህኑን ግን ከመሬት አንስቶ፣ አፉን በክዳኑ ገጥሞ እጄ ላይ አኖረው። እኔም ቆሻሻው ውስጥ ያየሁትን አሮጌ ፊልትሮ አንስቼ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ሙዐዊያ ለዶሮ ጎጆ ነው ወይ አለኝ። ለምን እንደወሰድኩት ያን ጊዜ ብጠየቅ አላውቅም ነበር።

ምሳ ላይ ኢልያስ ለአያቱ ነገረው። ቀለል አድርጎ፣ እንደ ቀልድ፤ አባባ፣ መኪናችንን የገደለችው እማ ናት እኮ አለ። አብዱረሂም እጁን ከሳህኑ አነሳ። ሲቆጣ ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል፤ ጀርባው ቀና፣ ዓይኑ ጠራ፣ የድሮው ሰው ተመልሶ ፊቴ ተቀመጠ። «አንቺ ሴት፣ ዕድሜሽን ሙሉ ከሹፌር ጋር ኖረሽ ይኼ ይጠፋሻል? የወረቀት ፊልትሮ ዘይት ይነካል? የዘይት ሳህን ያለውና የሌለው አንድ ነው? ልጁን ገደል ልትከቺው ነበር» አለኝ። ያውቃል ማለት ነው። ቀን ሲሆን ከሙዐዊያ እኩል ያውቃል፤ ጎህ ሲቀድ ግን እጁ ሌላ ዘመን ውስጥ ይነቃል። ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁር እንዳለ ነው፤ በእነዚያው ጣቶች እያመለከተ ነው የሚወቅሰኝ። ኢልያስ ጣቶቹን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ሩዙን አየ። አውፍ በለኝ፣ ማረኝ አልኩት ባሌን፣ ሁለተኛ አልነካም። ምሳው አለቀ፤ ኢልያስ ሲወጣ፣ አድርጎት እንደማያውቀው፣ ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

የከሰዓቱ የአስር ሶላት ሳይሰገድ ሽንኩርታቸውን ጭነው በደጃችን አለፉ። ገብረሚካኤል በመስኮቱ እጁን አወጣ። ድምፁ እስኪጠፋ ቆሜ አዳመጥኩ፤ አያስልም፣ አይንደፋደፍም፤ እኔ ግን ጤነኛ ድምፅም ሲርቅ ያስፈራኛል። ግቢው ጸጥ አለ። ልብስ አጣጠፍኩ፣ ያጠፍኩትን ፈትቼ እንደገና አጣጠፍኩ። ፀሐይዋ በምሥራቅ ወዳለው የአዳል ሜዳ የተራራውን ጥላ ስትሰድ አብዱረሂም ከእንቅልፉ ተነስቶ ፊቱን ታጠበ፤ ቀጥ ብሎ ወደ በርሜሉ ሄደ፣ ቆርቆሮውንና ጨርቁን አወጣ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ። ጧት መስሎታል። ተከተልኩት። መኪናው የሚቆምበት ቦታ ላይ፣ መሬቱ ላይ ከቀረው የዘይት ጠብታ አጠገብ፣ ጨርቁን ይዞ ቆሟል። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ትልቅ ሰው ገበያ መሃል እናቱ እንደጠፋችበት ልጅ ሲሆን ማየት ለጠላት አይስጥ።

ፊልትሮውን አውጥተን ግቢ አስቀምጠንልሃል አልኩት። እጁን ይዤ መለስኩት፣ ግንዱ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከፌስታሉ አውጥቼ ጭኑ ላይ አኖርኩለት። አገላበጠው፣ ነፋበት፣ አቧራውን በጣቱ ፈተነ። ከዚያ ጨርቁን አራት ማዕዘን አጠፈ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አደረገ፣ ዘይት አስነካው፣ ከላይ ወደ ታች ይጠርግ ጀመር። አንድም ጠብታ አልፈሰሰውም። ልረዳው እጄን ስሰድ «ተይ፣ አንቺ አትንኪው» አለኝ። እሺ አልኩና ከግንዱ ሌላ ጫፍ ተቀመጥኩ። የምሽቱ የመግሪብ አዛን ሊል ሲል ስልኬ ጮኸ። ገብረሚካኤል ነው፤ ከጀርባው ነፋስ አለ። «እትዬ፣ ዋሻውን አለፍነው» አለ። «አንድም ቦታ ታኮ አላስያዘንም።»

ስልኩን ዘጋሁና ለአብዱረሂም ነገርኩት፤ ኢልያስ ጣርማ በርን አለፈ፣ አልሐምዱሊላህ አልኩት። እጁ ቆመ። ጭኑ ላይ ያለውን ፊልትሮ አየ፣ ወደ ተራራው አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የተጨነቀ ፊቱን አውቀዋለሁ፤ የእኔው ፊት ነው።

«ይኼ ሳይገጠም?» አለኝ።

ጨርቁ ከእጁ አምልጦ መሬት ወድቆ ነበር፤ አነሳሁት፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ እሱ እንደሚያጥፈው አጥፌ ጭኑ ላይ መለስኩለት።